ነፍስ በዝቷል

አዲሱ ቤታችን ሰባት መስኮቶች አሉት። አንዱም አይከፈትም።

ይሄ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። አዳማ ውስጥ የሚከፈት መስኮት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሙዚየም ውስጥ ነው። ነፋሱ እንደ ድሮው ይነፍሳል። አቧራውና ጭሱ ግን እንደ ድሮው አይደሉም፤ ስለዚህ መስታወቱን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው ያደርቁታል። ጠዋት ጠዋት ሰው ከመውጣቱ በፊት ጣቱን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል፤ ነፋሱ ካንቀጠቀጠው ወፍራሙን ጭምብል ያደርጋል። እኔ ሳልነካው የወጣሁበትን ቀን አላስታውስም።

ቤት የሚሠራ ሰው ታዲያ ከጣሪያውና ከወለሉ በፊት የሚመርጠው የሚተነፍስበትን ነው። እኔና ባለቤቴ ኢዮስያስም መሬቱን እንዳገኘን መጀመሪያ የሄድነው አየር ሱቅ ነበር። እናቴን ይዘናት ሄድን። ይዘናት ሄድን ማለት እንኳ ትክክል አይደለም፤ ይዛን የሄደችው እሷ ናት።

እናቴ ቤዛዊት ትባላለች። የእሷ ዘመን አሮጊቶች ስማቸው ሁሉ ቤዛዊት፣ ሄርሜላ፣ ማሕሌት ነው፤ ገና ስሙ ሲጠራ ሻሽ ያሰረች፣ ምርኩዝ የያዘች ሴት ትታየኛለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ልቧ ደካማ ነው። አብራን እንድትኖር ስንለምናት ከርመን በመጨረሻ የሰጠችን መልስ አንድ ነበር።

«ለቅሶ የሚገባበት ቤት ከሆነ እመጣለሁ። ካልሆነ እዚሁ ልሙት።»

ይህን ያመጣው የአባቴ ለቅሶ ነው። ኮንዶሚኒየሙ የሚተነፍሰው የጋራ አየር ነበር፤ ጋራው ላይ ካለው ማማ በቧንቧ ይመጣና ለየቤቱ በነፍስ ይታደላል። የእኛ ቤት የስምንት ነፍስ ነው። በአቧራ ወራት ድንኳን መትከል ክልክል ስለሆነ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቤት መጣ። ስምንተኛው ሰው እንደገባ በሩ ራሱ ተዘጋ፤ ከበሩ በላይም አንዲት ደስ የሚል ድምፅ ያላት ሴት «ነፍስ በዝቷል። እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ» አለች። ውጭ ከቀሩት አንዱ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ሮቤል፣ ነበር። ከጎባ ሲጓዝ አድሮ ነው የመጣው። ውስጥ ያለው ሰው ወጥቶ እንዳይለቅለት ነፋሱ ተነሥቶ መውጣት ተከለከለ። ሮቤል ደረጃው ላይ ሆኖ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ አለቀሰ፣ አለቀሰ፣ ከዚያ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ሄደ። እናቴ ድምፁን በበሩ ውስጥ ሰማች።

አባቴን ስታነሣ አታለቅስም። ሮቤልን ስታነሣ ነው የምታለቅሰው።

አየር ሱቁ ውስጥ የተቀበለን ሻጭ ዮናታን የሚባል ጢሙን ያሳመረ ወጣት ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቀን በዚያ ሥራ ውስጥ ሁሉም የሚጠይቀውን ነው።

«ስንት ነፍስ ናችሁ?»

ሕፃን ግማሽ ነፍስ ነው፤ ነፍሰ ጡር አንድ ተኩል፤ ቤት ውስጥ ስፖርት የሚሠራ ሁለት። ይህን ሁሉ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ወረደልን።

«ሦስት» አለ ኢዮስያስ።

«እኔ የሞትኩ ቀንስ?» አለች እናቴ።

ዮናታን እኔን አየኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። «ማዘር፣ ዕድሜ ይስጥዎት» አለ። «ያኔማ ሁለት ይሆናሉ።»

«የምጠይቅህ የሚቀሩትን አይደለም ልጄ። የሚመጡትን ነው።»

ልጁ አልተደናገጠም፤ ለዚህም መልስ ነበረው። የጋራ አየር የሚጠቀም ቤት እንግዳ ሲኖረው ጊዜያዊ ነፍስ መጠየቅ ይችላል። ማመልከቻውን ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ማስገባት ብቻ ነው። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለልደት በጣም ምቹ ነው አለን።

«ለለቅሶስ?»

«ለለቅሶም ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው።»

ኢዮስያስ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «እሺ» አለችው። «ሦስት ቀን ሲቀረኝ እነግርሃለሁ።»

ከዚያ ነው ሁለተኛውን ያሳየን። በየክፍሉ ግድግዳ የሳህን አፍ የሚያክል ቀዳዳ ይበሳና ማሽን ይቀበርበታል። ማማ የለም፣ ቧንቧ የለም። ማሽኖቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ሳሎን ያለው አየር ሲያስገባ መኝታ ቤት ያለው ያስወጣል፣ ትንሽ ቆይተው ይቀያየራሉ። ሁለቱም ባንዴ ካስገቡ ቤቱ ይነፋል፤ ሁለቱም ካስወጡ ጆሮ ያማል። የሚገጥሟቸው ሠራተኞች «ባልና ሚስት» ይሏቸዋል።

«የእኛ ቤትማ ሁለታችንም ባንዴ ነው የምናስወጣው» አለ ኢዮስያስ። እውነቱን ነው፤ እኔ መልስ ማሳደር አልወድም።

ዮናታንን ጠየቅሁት፤ «ከማማው ጋር ካልተገናኘ ማነው የሚቆጥረን?»

«ማንም አይቆጥራችሁም። ቤቱ ራሱን ይችላል።»

ይህ ቃል በቃል እውነት ነበር፤ እውነትነቱን ያወቅነው ግን ከገባንበት በኋላ ነው።

እናቴ እጇን ለናሙና ከተሰቀለው ማሽን ፊት አደረገችና ቶሎ መለሰችው። «ይሄ ነገር ነፋስ አለው።»

«አየር ነው እማዬ።»

«ነፋስ ነው ኤልዳና። አንገቴ ድረስ መጣ።»

በእሷ ወጣትነት የታክሲ መስኮት ይከፈት ነበር አሉ። ይከፈት ነበር፤ ማንም ግን አያስከፍትም። ሃያ ሰው ታጭቆ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ አንዱ ተሳስቶ ጣት የምታስገባ ያህል ቢከፍት ከኋላ ወንበር «ዝጋው እንጂ፣ ነፋስ ይመታናል!» የሚል አይጠፋም። እናቴ ከሚጮኹት አንዷ እንደነበረች ራሷ ነግራኛለች። መስኮት የነበራቸው ዘግተውት ኖሩ፤ እኛ መክፈት ሲያምረን መስኮቱ የለም። ይህን ባሰብሁ ቁጥር የምቆጣው በማን ላይ እንደሆነ አላውቀውም።

ያም ሆኖ የመረጠችው እሷ ናት። «ባልና ሚስቱን ውሰዱ» አለች። «ነፋሱን እኔ እችለዋለሁ። ሰው ይግባበት እንጂ።»

ዕቃ ያስገባን ቀን በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር። ማሽኖቹ ገና የፋብሪካ ላስቲካቸውን እንደለበሱ ናቸው። ከበሩ በላይ ያቺው ሴት፣ ድምጿ ከኮንዶሚኒየሙ እስከዚህ ተከትሎን፣ በየጊዜው «ቤቱ ባዶ ነው። መልካም ጉዞ» ትላለች። እኛ አልጋ ተሸክመን በፊቷ እናልፋለን። ማሽን ገጣሚው ሠራተኛ ሳቀ። «ሰው እንደሌለ ስለሚያስብ ነው» አለ። «ባዶ ቤት በሩን አይዘጋም፤ ዕቃ ለማስገባት እንዲመች።» ከዚያ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ላጠ። ማሽኖቹ ሳብ አደረጉ፣ ለቀቁ። ሴትየዋ «አራት ነፍስ። እንኳን ደህና መጡ» አለች፤ በሩም ራሱ ዞሮ ተዘጋ። እኔ አልወደድሁትም። ኢዮስያስ ደግሞ «ጎበዝ ናት፣ ገጣሚውንም ቆጠረችው» ብሎ አደነቃት።

እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉን ጎረቤቶች የመጡ ዕለት ቁርጡ ታወቀ። እናቴ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ሳሎኑ መሀል ተቀምጣለች። ሰው ይገባል፣ ይሳሳማል፣ ቤቱ ይመረቃል። መጨረሻ ላይ የእድራችን ሰብሳቢ ሲፈን ድፎ ዳቦዋን በሁለት እጇ ይዛ ደረሰች።

«ነፍስ በዝቷል። እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ።»

በሩ ዳቦውን አፍንጫው ላይ ዘጋበት። በመስታወቱ ሲፈንን እናያታለን፤ ነጠላዋ በነፋሱ ይራገባል፣ እጇ ስለተያዘ ልትሰበስበው አልቻለችም። እናቴ ከወንበሯ ተነሣች፣ ማንንም ሳታይ ክፍሏ ገባች።

ዮናታንን ደወልሁለት። «ማንም አይቆጥራችሁም አላልህም?»

«ማንም አልቆጠራችሁም እኮ» አለ በጨዋ ድምፅ። «ቤቱ ራሱ ነው። ማሽኖቹ ከትንፋሻችሁ ያውቁታል። ያለ ቆጣሪ የሚሸጥ የለም፤ ሕግ ነው።»

እናቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሻንጣዋን ብቻ አልፈታችም። አልጋዋ አጠገብ አቁማው፣ ልብሷን ከዚያው እያወጣች ትለብሳለች፣ አጥባ መልሳ እዚያው ታስገባለች። ባየሁት ቁጥር ከሳሎን ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን እመላለሳለሁ። ማሽኖቹ ከማስገባት ወደ ማስወጣት ሲዞሩ መሀል ላይ አጭር ጸጥታ አለች፤ በዚያች ጸጥታ እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ቀን ኢዮስያስም እንደሚይዝ አየሁት።

ነፋሱን እችለዋለሁ ያለችው እናቴ ነፋሱንም አልቻለችውም። የክፍሏ ማሽን ከአልጋዋ ራስጌ ነው። ማታ አሮጌ ነጠላዋን ጠቅልላ ትወትፈዋለች፤ ጠዋት ኢዮስያስ ገብቶ ይነቅለዋል።

«እማዬ፣ ይሄ ከተደፈነ ሳሎን ያለው ጓደኛው ይታፈናል። እርስዎም አየር ያንስዎታል።»

«ጉድ እኮ ነው» ትለዋለች። «አባቱ ዕድሜ ልኩን የባለሥልጣን ውታፍ ነቃዮችን ሲሳደብ ኖረ። ልጁ ተምሮ ተምሮ የማሽን ውታፍ ነቃይ ሆነልኝ።»

ከዚያ በኋላ ስሙ ያው ሆነ። ውታፍ ነቃይ ምሳ በላ ወይ? ውታፍ ነቃይ ዛሬ አምሽቶ ነው የሚመጣው? ኢዮስያስ ይስቃል፤ ግን ጠዋት ጠዋት መንቀሉን አልተወም።

አንድ ጠዋት ረፍዶበት ሳይነቅል ቀረ። ጭምብላችንን አጥልቀን ከበሩ እንደወጣን ሴትየዋ ከኋላችን «ቤቱ ባዶ ነው። መልካም ጉዞ» አለች።

እናቴ ውስጥ ነበረች። እንዴት እንደሮጥሁ አላውቀውም። የክፍሏን በር ስበረግደው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ታበጥራለች።

«ሰማሽው?» አለችኝ። «እኔ ቁጭ ብዬ ሸኘችኝ እኮ። ወዴት ነው የምሄደው ግን?» አለችና ሳቀች። በዚያ ቤት ውስጥ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሞተሻል የተባልኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

«በውታፉ ነው?» አለች ጸጉሬን እየዳበሰች።

«አዎ። ትንፋሽሽ ካልደረሰው እንደሌለሽ ነው የሚቆጥረው።»

እናቴ የምታየው እኔን አልነበረም። በተከፈተው የክፍሏ በር፣ በኮሪደሩ አልፋ፣ የውጩን በር ነበር የምታየው። እንደወጣንበት ወለል ብሎ ቀርቷል፤ አቧራው ምንጣፉ ላይ ይገባል።

«በሩን አልዘጋሽውም?»

«ራሱ ነው የሚዘጋው። ዛሬ ግን…» አልሁና ተነሥቼ ላራግፍ ሄድሁ።

በዚያው ሳምንት ሻንጣዋን ፈታች። ልብሷን ቁምሳጥን ውስጥ ደረደረች፣ ባዶውን ሻንጣ አልጋው ሥር ገፋችው። ኢዮስያስን አቅፌ ዘለልሁ። በቃ፣ ለመደች አልን። ከዚያ ወዲያ ስንገባ ስንወጣ መነጽሯን አድርጋ ስትሰፋ እናገኛታለን። ምን እንደምትሰፋ አልጠየቅናትም፤ አሮጊት ትሰፋለች።

የሞተችው በጥር ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ፣ እጇን ይዤያት። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ። ውታፉ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ አይደለም፣ ልቧ ነው አለኝ። ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ተከትዬ ደግሜ ጠየቅሁት። አምኜዋለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ከእንቅልፌ ስነሣ አላምነውም።

ከቀብር ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። የቀረበው ሰው ቀድሞ ገባ፤ ቤቱም ሞላ። ሴትየዋ ያችኑ ቃሏን ተናገረች፤ በሩ ተዘጋ። ግቢው ውስጥ ሰው ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ቆመ። የእድሩ ሰዎች ወንበር ይዘው መጥተው የሚያስቀምጡበት አጥተው ተሸክመውት ቆመዋል። በመስታወቱ አንድ በአንድ አየኋቸው። ከሁሉም ፊት፣ በሩ ሥር፣ አጎቴ ሮቤል ነበር።

አርጅቷል። ከጎባ ድረስ እንዴት እንደመጣ እንጃ። በዚህኛው ለቅሶ አልጮኸም። «ነፍስ በዝቷል» ስትለው እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ፣ ምርኩዙን አስደግፎ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ያልጠበቀው ነገር ሲደርስበት ይጮኻል፤ እሱ ጠብቆት ነበር የመጣው።

አበድሁ። በሩን በቡጢ መታሁት። «ክፈቺ! ወንድሟ ነው!» አልኋት፤ ከጣሪያ በላይ ያለች ሰው ይመስል። «እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ» አለችኝ። አንዲት ጎረቤት እኔ ልውጣለት ብላ ተነሣች። አንድ ሰው ወጥቶ አንድ ሰው ቢገባ የሌላው ነገርስ? እናቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ነበር። አንዲት ነገር። ቤት ሠራሁላት፣ ማሽን መረጥሁላት፣ ወንድሟን ደጅ አስቀመጥሁት።

ቢያንስ የሚለብሰው ላቀብለው ብዬ ጋቢዋን ፍለጋ ክፍሏ ገባሁ። ቁምሳጥኑን ከፈትሁት። ጋቢው ከላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሳነሣው ከሥሩ አሮጌ ነጠላዋን አየሁ፤ ግን ነጠላ አልነበረም። ተቆራርጧል። እያንዳንዱ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ ተዘምዝሞ፣ እንዳይፈታ በክር ተይዟል። አንዱን ወደ ራስጌዋ ማሽን አስጠጋሁት፤ እንደ ክዳን ገጠመ። ቤታችን ውስጥ ስንት ማሽን አለ? የቁራጮቹም ቁጥር ያንኑ ያህል ነው።

አሮጊቶች መገነዣቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እናቴ ውታፍ አዘጋጅታ ነበር።

ኢዮስያስ ተከትሎኝ ገብቶ ኖሯል። የያዝሁትን አየ፣ ማሽኑን አየ። ምንም አላስረዳሁትም። «ስጪኝ» አለ። «ይሄ የውታፍ ነቃይ ሥራ ነው።»

የእናቴን ክፍል ወተፈ። የእኛን መኝታ ቤት ወተፈ። «አምስት ነፍስ» አለች ሴትየዋ። ማድ ቤት ገባ። ሰው ሁሉ ለቅሶውን አቁሞ ያየዋል፤ ሐዘን አናቱ ላይ ወጣበት ያሉም አሉ። «ሦስት ነፍስ።» የሳሎኑን ለመድረስ ወንበር ላይ ወጣ፣ ትልቁን ውታፍ በሁለት እጁ ይዞ ገፋው። ማሽኑ አንዴ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዝም አለ።

በሩ ራሱ ዞሮ ተከፈተ።

ነፋሱ ቀድሞ ገባ። መጋረጃውን አነሣው፣ አቧራውን በሰው ጭን ላይ በተነው። ዕድሜ ልካቸውን የታክሲ መስኮት ሲያዘጉ የኖሩት አሮጊቶች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሰበሰቡ። ዝጉት ያለ አንድም አልነበረም። ከዚያ ሰዉ ገባ፤ ሲፈን ገባች፣ ወንበር የተሸከሙት ገቡ፣ የማላውቃቸው የእናቴ የወጣትነት ጓደኞች ገቡ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ኮሪደሩን ሞሉት። አጎቴ ሮቤልን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቡት። ሳሎኑ መሀል ሲደርስ ምርኩዙን ጣለና እጆቹን ዘረጋ።

«እህቴ! እህቴ! ገባሁልሽ!»

ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ። እኔም ከቀብሩ ጀምሮ አልመጣ ብሎኝ የነበረው እንባ መጣ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ አንዳችን የሌላውን ትንፋሽ እየተነፈስን አለቀስን። ለቅሶው ጋብ ሲል ከበሩ በላይ የዚያች ሴት ደስ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ቤቱ ባዶ ነው። መልካም ጉዞ።»

ማንም አልሳቀም። የእናቴ አልጋ በተከፈተው በር ይታየኛል። ባዶ ነው፤ ልክ ነሽ አልኋት በልቤ።

አጎቴ ሮቤል ጆሮው ይከብደዋል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የመረቀ መሰለው። ፊቱን በነጠላው ጠርዝ ጠረገና ወደ ድምፁ ቀና ብሎ «አሜን» አለ። ቤቱም ተከትሎት «አሜን» አለ።